ላስኮ ወይስ ሌላ ዋሻ? ከእናቴና ከልጆች ጋ በፍልሰታ ዶርዶኝ ልንሄድ ነው፣ ምግቡስ እንዴት ይሆናል?

ሰንበት_ቡና፦

ሰላም ወገኖች፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። እኔ ፓሪስ ዳር ነው የምኖረው፣ ዘንድሮ እናቴ ከአዲስ አበባ ክረምቱን መጥታልኛለች፣ ባለቤቴ እረፍት የሚያገኘው ኦገስት ላይ ብቻ ስለሆነ አንድ ሳምንት ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ዶርዶኝ ሄደን የጥንት ሰዎች ዋሻ ውስጥ የሳሏቸውን ስዕሎች እንይ ብለን ሞንቲኛክ አጠገብ ቤት ተከራይተናል። ነገሩን ያመጣው ትልቁ ልጄ ነው፣ 9 ዓመቱ ነው፣ ትምህርት ቤት ስለ ላስኮ ተምሮ ከመጣ ወዲህ ወረቀት አልበቃው ብሎ የካርቶን ሳጥን እየቀደደ ፈረስና በሬ ሲስል ነው የሚውለው። ትንሿ 6 ዓመቷ ነው፣ ጨለማ ትፈራለች።

ዋናው ላስኮ ዝግ ነው፣ የሚታየው ቅጂው ነው ሲሉኝ ግን ቅር አለኝ፣ ለቅጂ ያን ሁሉ መንገድ መሄድ ያዋጣል? ወይስ እውነተኛው የሚታይበት ሌላ ዋሻ አለ? እማዬ 71 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃና ዳገት አትችልም።

ሌላው ጭንቀቴ ምግብ ነው። የምንሄደው በፍልሰታ ነው፣ እማዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም፣ ከዛ በኋላም የጾም ብቻ። አገሩ ደግሞ ዳክዬ በዳክዬ ነው አሉኝ፣ እሷ ዳክዬ በፍስኩም አፏ አታደርስም። ሳምንቱን ሙሉ ማጀት መዋል አልፈልግም፣ እሷንም አንድ ቀን ሬስቶራንት አስቀምጬ ሰው አስተናግዷት ስትበላ ማየት እፈልጋለሁ፣ ስንት ዘመን እኛን ስታበላ የኖረች ሴት ናት። ያያችሁ ንገሩኝ እስቲ።

ቦርዶ_14፦

እንኳን ደስ አለሽ እናትሽ በሰላም መጡልሽ። እኔ ቦርዶ ነው የምኖረው፣ እዛ አካባቢ አራት ጊዜ ሄጃለሁ፣ ሁለቴ ከልጆቼ ጋ።

ስለ ላስኮ ልንገርሽ። ዋሻውን እ.ኤ.አ. በ1940 መስከረም ላይ ያገኙት አራት ልጆች ናቸው፣ ትልቁ 18 ዓመቱ ነበር፣ ይሄንን ለልጅሽ ንገሪው ደስ ይለዋል። በ1948 ለሕዝብ ተከፈተ፣ ከዛ በቀን ወደ 1,200 ሰው እየገባ የሰዉ ትንፋሽና ሙቀት ግድግዳው ላይ አረንጓዴ አልጌ አበቀለ፣ ነጭ ነገርም ይጋግር ጀመር፣ ስለዚህ በ1963 ዘጉት። ከ17,000 ዓመት በላይ የቆየ ነገር በ15 ዓመት ሊጠፋ ነበር ማለት ነውኮ። አሁን የምታዩት ላስኮ 4 የሚባለውን ነው፣ 2016 መጨረሻ ላይ የተከፈተ፣ ዋሻውን ከነጉድጓዱ ከነስንጥቁ ለክተው የሰሩት ነው። ውስጡ እንደ ዋሻው ይቀዘቅዛል፣ ዊልቸር ይገባል፣ ለእናትሽ ችግር የለውም። ቲኬቱን ግን ኦንላይን ቀድማችሁ ቁረጡ፣ ኦገስት ላይ ያልቃል።

እውነተኛ ስዕል ማየት ከፈለጋችሁ ሩፊኛክ ሂዱ። በትንሽ ኤሌክትሪክ ባቡር ነው የሚገባው፣ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ይወስዳችኋል፣ እናትሽ ተቀምጠው ነው የሚያዩት። የማሞዝ ዋሻ ነው የሚሉት፣ ማሞዝ ዘሩ የጠፋው ጸጉራም ዝሆን ነው፣ ከ150 በላይ ማሞዝ ተስሎበታል። ፎን ደ ጎም የሚባለው ሌዜዚ ያለው ደግሞ ባለ ቀለም ነው፣ እንደኔ ከሁሉም እሱ ይበልጣል፣ ግን በቀን መቶ የማይሞላ ሰው ነው የሚያስገቡት፣ እስከ በሩም ዳገት አለው፣ ለጉልበት አይሆንም።

ማሂ_ሊዮን፦

እኔ በግልጽ ልናገር ቅጂ አልወድም። ሰው ከአገር ቤት ድረስ መጥቶ ፎርጅድ አሳዩኝ ይላል እንዴ? የሰው እጅ የነካውን ድንጋይ ማየትና ትናንት በፋብሪካ የተሰራ ማየት አንድ አይደለም። መንገድ ከሆነላችሁ ፔሽ ሜርል ሂዱ፣ ከዶርዶኝ ወደ ደቡብ ነው፣ ነጠብጣብ ያላቸው ሁለት ፈረሶች አሉ፣ ዙሪያቸውን የሰው እጅ ቅርጽ። እጁን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቀለሙን በአፉ እየተፋ ነው አሉ የሰራው፣ ሲያነሳው የእጁ ቦታ ባዶ ይቀራል። እዛ ቆሜ እንባዬ መጣ፣ የማላውቀው ሰው ሰላም ያለኝ ነው የመሰለኝ። በቅጂ እንደዛ አይሆንም።

ቦርዶ_14፦

ማሂ እህቴ ስሜትሽ ይገባኛል፣ እኔም ፔሽ ሜርልን እወደዋለሁ፣ ግን ደረጃ አለው፣ የልጅቷ እናት ጉልበታቸውን ያማቸዋል ተብሏል። ደግሞ ፎርጅድ የሚለው ቃል ከበደኝ። ቅጂውን የሰሩት ሰዎች ዓመታት ወስደው መስመር በመስመር በእጃቸው ነው የሳሉት፣ እንዲሰራ ያስፈለገውም ዋናው እንዳይሞት ነው። አገር ቤት ታቦት መንበሩ ላይ ሆኖ እኛ በሩቅ ስንሳለም ቅር ይለናል? አንዳንድ ነገር ካልተጋረደ አይኖርም። ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ላስኮ 4 ጥሩ ነው፣ ልጁ ሲጠይቅ ቆሞ መመለስ ይቻላል፣ እውነተኛው ዋሻ ውስጥ ቡድኑ ካለፈ አለፈ ነው። ቅጂውን ለልጆቹ፣ ሩፊኛክን ለእናትሽ፣ እኔ የምለው ይሄን ነው።

የማጀት_ሰው፦

የምግቡን እኔ ልመልስ፣ ሙያዬ ስለሆነ። ሬስቶራንት ኩሽና ነው የምሰራው፣ ሁለት ሰመር ዶርዶኝ ውስጥ ሳርላ የምትባል ከተማ ሰርቻለሁ።

መጀመሪያ ሰዓቱን እወቂ። ምሳ በኛ አቆጣጠር ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ነው፣ ስምንት ካለፈ ኩሽናው ይዘጋል፣ ሼፉ ልብሱን ቀይሮ ወጥቷል፣ እስከ ማታ አንድ ሰዓት ማንም እሳት አይለኩስልሽም። እናትሽ እስከ ዘጠኝ ከጾሙ ምሳ ሬስቶራንት የሚባለውን ነገር እርሺው፣ የናንተ ሰዓት እራት ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ልጆቹን አባታቸው ይዟቸው ይግባ፣ ሜኑ አንፋን የሚባል ለልጅ ርካሽ አለ፣ አንቺና እናትሽ ገበያ ዙሩ። የሳርላ ገበያ እሮብና ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ እንጆሪው፣ ቲማቲሙ፣ ዋልነቱ፣ ዳቦው፣ ሁሉም የጾም ነው፣ ገዝታችሁ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንዝ ዳር መብላት ነው።

ሁለተኛ፣ ድንች ተጠንቀቂ!! ፖም ሳርላዴዝ የሚባለው የአገሩ ድንች ሲያዩት የጾም ይመስላል፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ብቻ ነው ይሉሻል፣ ግን በዳክዬ ወይ በዝይ ስብ ነው የሚጠበሰው። የነጭ ሽንኩርቱ ሾርባም ስብና እንቁላል አለው። ሰላጣ ፔሪጎርዲን ካሉሽ የዳክዬ መቋደሻ አለበት። ቬጀቴሪያን ነን ብትዪ ደግሞ የፍየል አይብ ይዘው ነው የሚመጡት፣ ለነሱ አይብ ስጋ አይደለም። ስለዚህ አንድ በአንድ ጥሪ፣ ሳን ቪያንድ፣ ሳን ብዩር፣ ሳን ፍሮማዥ፣ ሳንዝ ዑፍ፣ ሳን ግሬስ ደ ካናር፣ ያለ ስጋ፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ አይብ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ዳክዬ ስብ ማለት ነው። በራቸውን አንኳኩተሽ ሰው በሞላበት ሰዓት ይሄን ሁሉ ብትዪ ፊት ይነሱሻል፣ አስተናጋጇም አትሰማሽም። ከአንድ ቀን በፊት ደውዪ፣ ቢቻል አስር ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ሼፉ ወደ ስራ የሚመለስበት ሰዓት ነው፣ እናቴ የሃይማኖት ጾም ላይ ናት በይው። ሼፍ ቀድሞ ሲነገረው ደስ ብሎት ነው የሚሰራው፣ በኔ ይሁንብሽ። አለርጂ ነው ብለሽ ግን አትዋሺ፣ የሌለ ጭንቀት ነው የምትፈጥሪባቸው።

ሌላ፣ ኦገስት 15 የነሱም ማርያም ናት፣ በዓል ነው፣ አገሩ ሁሉ ይወጣል፣ የዛን ቀን ቦታ ካልያዝሽ አታገኚም።

እትዬ_ፍራንክፈርት፦

ልጄ እናትሽን እንዲህ ማሰብሽ ይባርክሽ። መንገድ ላይ ሰዓቱን ቢያሳጥሩት ወይ ባይሆንላቸው የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ፣ አንቺ አታስጨንቂያቸው፣ አንቺም አትወስኚላቸው። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ደግሞ እዚህ ባታነሱት፣ እሳቸው ካደጉበት አይወጡም። በሶና ቆሎ ያዢ፣ ሲደክማቸው በጥብጠሽ የምትሰጫቸው ነገር አይጥፋ። ዋሻው ከበረደ ጋቢያቸውን አትርሺ።

ድሬ_ከዚራ፦

ይሄን ክር ሳነብ አላስችል አለኝ። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፣ እኛ ጋ ከከተማው ጠርዝ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ፣ ፈረንሳዮቹ የጃርት ዋሻ ብለው የሰየሙት። እነዛ ዶርዶኝ ያሉትን ፎን ደ ጎምና ኮምባሬልን ያጠናው አንሪ ብሮይ የሚባለው ቄስ እ.ኤ.አ. በ1933 ድሬ ድረስ መጥቶ ይሄን ዋሻ ከነስዕሉ አጥንቷል። ያው ሰውዬ ነውኮ! ከዋሻው ውስጥ ደግሞ ከ4,200 በላይ የቀይ አፈር ቁራጭ ተቆፍሮ ወጥቷል፣ ሲመዘን 40 ኪሎ ያህል፣ ዕድሜው ወደ 40,000 ዓመት፣ አንዳንዱ ላይ የተፈጨበትና የተፋቀበት ምልክት አለ። ላስኮ ከመሳሉ 20,000 ዓመት በፊት ማለት ነው ሰው ድሬ ተቀምጦ ቀለም ሲፈጭ የነበረው። ግድግዳው ላይ ያሉት ስዕሎች ግን ከዛ በጣም የቀረቡ ናቸው፣ የፈዘዙም ናቸው። ልጅሽ ፈረስ ሲስል ይሄንንም ይወቀው ብዬ ነው፣ የኛም ነው በይው።

ሰንበት_ቡና፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ላስኮ 4 ቲኬት ቆርጫለሁ፣ ሩፊኛክ ሲመሽ ተነጋግረን እንወስናለን። የድሬውን ለልጄ አነበብኩለት፣ አርባ ኪሎ ስንት ነው አለኝ፣ ካንተ ይከብዳል አልኩት። ስመለስ እጽፋለሁ።

ሰንበት_ቡና፦

ተመልሰናል! ቃሌን ልጠብቅ፣ ረዘም ይላል።

የመጀመሪያው ቀን መጥፎ ነበር። መንገዱ ቆይቶብን ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን፣ የማጀት ሰው እንዳለው አንድም ኩሽና ክፍት የለም፣ ዳቦ ቤቱ እንኳ ለምሳ ተዘግቷል፣ ልጆቹ በረሃብ አለቀሱ። እማዬ ከቦርሳዋ ዳቦ ቆሎ አውጥታ ለሁለቱም በእጃቸው ሰጠቻቸው፣ እሷ ራሷ ገና ዘጠኝ አልሆነላትም፣ ሳትቀምስ ተቀምጣ እነሱን ታያለች።

ላስኮ 4 በማግስቱ ሄድን። ማሂ እንዳልሺው ቅጂ መሆኑን ስለማውቅ ብዙም አልጠበቅኩም ነበር። ትልቁ አዳራሽ ስንገባ ግን እነዛ ኮርማዎች ከላይ ሲመጡብሽ ዝም ነው የምትዪው፣ አንደኛው ብቻውን ከአምስት ሜትር በላይ ነው። አስጎብኚው በፈረንሳይኛ ያወራል እኔ ለእማዬ በሹክሹክታ እተረጉማለሁ፣ እሷ ግን እኔን አትሰማኝም፣ ቀና ብላ ቀንዱን ነው የምታየው። እማዬ ሰላሌ ነው ያደገችው፣ ልጅ ሆና ከብት ጠብቃለች። "ይሄኮ ከጎን ነው የቆመው፣ ከጎን የቆመ በሬ ሁለቱ ቀንዱ እንዲህ ተለያይቶ አይታይም፣ አንዱ አንዱን ይሸፍነዋል" አለች። ቀጥላ ምን ብትል ጥሩ ነው፣ "አላውቅ ብሎ አይደለም፣ ቀንዱ እንዳይቀርበት ነው፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ስዕል ነው።" ያው እኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጻድቁ በሁለት ዓይን ይሳላል፣ ኃጢአተኛው በጎን በአንድ ዓይን፣ ሰዓሊው እንዴት እንደሚታይ ሳይሆን ምን መታየት እንዳለበት ነው የሚስለው፣ እሱን ማለቷ ነው። ለአስጎብኚው ተረጎምኩለት፣ ቆም አለና አዎ ይሄ አሳሳል በሙያው ስም አለው፣ አካሉ በጎን ቀንዱ በፊት ለፊት ነው አለ፣ ለቡድኑም እናቴ ያለችውን ደግሞ ነገራቸው፣ ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት። ልጄ እጇን ይዞ ነበር፣ ከዛ ወዲህ በሬ ሲስል ሁለቱንም ቀንድ በፊት ለፊት ነው የሚያደርገው።

ማታውን ሬስቶራንት ገባን፣ ሳልደውል፣ ጥፋቱ እዛ ላይ ነው። አስተናጋጇን በደንብ ጠየቅኳት፣ ድንቹ ውስጥ የእንስሳ ነገር አለ ወይ፣ የለም ድንች ብቻ ነው አለችኝ። እማዬ ሁለት ጉርሻ ከበላች በኋላ ልጄ ሜኑውን ጮክ ብሎ ሲያነብ ግሬስ ደ ካናር የሚለው ጋ ደረሰ። ሹካዋን አስቀመጠች፣ ምንም አልተናገረችም፣ ውሃ ብቻ ጠጣች። እኔ ተናድጄ ልነሳ ስል "ሳናውቅ ነው፣ ተይ፣ እሷም ልጅ ናት" አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ማጣራት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ጾመኛ ይዛችሁ የምትሄዱ ሰዎች እባካችሁ ሜኑውን ራሳችሁ አንብቡ።

ሩፊኛክን ቲኬቱን እዛው ነው የቆረጥነው፣ በጠዋት ነው የሄድነው። ውስጡ 13 ዲግሪ ነው፣ እትዬ የጋቢውን ስላስታወሱኝ እድሜ ይስጥዎ፣ ትንሿ ልጄ ጨለማውን ፈርታ አያቷ ጋቢ ውስጥ ገባች፣ አንገቷ ብቻ ነው የሚታየው። ባቡሩ ይሄዳል ይሄዳል፣ ጎንና ጎኑ መሬቱ የተጎደጎደ ነው፣ ድብ ቆፍሮ የተኛበት ነው፣ የዋሻ ድብ፣ አሁን ዘሩ የጠፋ፣ ግድግዳው ላይም የጥፍሩ ጭረት አለ። ከዛ ባቡሩ ይቆማል፣ አስጎብኚው መብራቱን አንድ ቦታ ላይ ያበራል፣ ማሞዞቹ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይመጣሉ። በጥቁር መስመር ብቻ፣ ቀለም የለውም፣ ግን ጸጉሩ ይታወቅሻል። መጨረሻ ላይ ከባቡሩ ወርደን ጣሪያውን አየን፣ ድሮ ወለሉ ቅርብ ስለነበር ሰዓሊው በጀርባው ተኝቶ ነው የሳለው፣ ሙሉውን ሥራ በአንድ ጊዜ አይቶት አያውቅም አለን አስጎብኚው። ማሞዝ አለ፣ ፈረስ አለ፣ አውራሪስ አለ፣ ልጄ ደግሞ "ዋሊያ! እማማ ዋሊያ!" ብሎ ጮኸ፣ እውነትም ያ ቀንዱ ወደ ኋላ የታጠፈው የነሱ አገር የተራራ ፍየል ዋሊያ ነው የሚመስለው። ስዕሉ ላይ ግን በጭስ የተጻፈ ስም አለ፣ ከሁለት ሦስት መቶ ዓመት በፊት የገቡ ሰዎች ስማቸውን የጻፉት፣ እማዬ እሱን ስታይ አዘነች፣ ስንወጣም ያነሳችው እሱን ነው።

የመጨረሻው ማታ ከአንድ ቀን በፊት ደውዬ አንድ ትንሽ ቤት ቦታ ያዝኩ፣ የማጀት ሰው ያልከኝን በሙሉ ቆጠርኩለት። ሼፉ ስንት ሰዓት ነው የምትበላው ብሎ ጠየቀኝ፣ ሌላ አልጠየቀም። ስንደርስ ምስር በካሮትና በነጭ ሽንኩርት ቀቅሎ፣ ቲማቲም ጠብሶ፣ ሰላጣ በዋልነት ዘይት አድርጎ ጠበቀን፣ ቀጥሎ እንጆሪ። ራሱ ወጥቶ ጠርሙሱን ይዞላት መጣ፣ ዘይቱ ምን እንደሆነ እንድታይ። እማዬ ከፍታ አሸተተችው፣ ጣቷ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና "የኑግ ዘመድ ነው" አለች። እሱን እንዴት ብዬ እንደምተረጉምለት ጨንቆኝ በአገራችን ከጥቁር ፍሬ የሚጨመቅ ዘይት አለ አልኩት፣ ስሙን ወረቀት ላይ ጻፊልኝ አለኝ። ሳህኗን ጨረሰች። ልጆቹና ባለቤቴ ዳክዬውን በሉ፣ ጥሩ ነው አሉ፣ እኔ የእማዬን ነው የበላሁት።

ማሂ_ሊዮን፦

የቀንዱን ሳነብ ሰውነቴ ተንቀጠቀጠ። የቅጂውን ነገር ያልኩትን እመልሳለሁ፣ እሳቸው ያዩትን እኔ እውነተኛው ፊት ቆሜ አላየሁትም።

ሚሚ_ሎንዶን፦

ሩፊኛክ ፎቶ ይቻላል? የባቡሩ መቀመጫስ ለወገብ ታማሚ ይሆናል? አባቴን ልወስድ ነበር።

ሰንበት_ቡና፦

ሚሚዬ ፎቶ አይፈቀድም። መቀመጫው ጠንካራ እንጨት ነገር ነው፣ ትራስ ያዢለት። አንድ ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው። ክረምታቸው ላይ ደግሞ ዝግ ነው፣ ቀኑን ቀድመሽ እዪ።

ድሬ_ከዚራ፦

እናትሽ መቼ ነው የሚመለሱት? ልጆቹን ይዘሽ አገር ቤት ከመጣሽ ድሬ ብቅ በሉ፣ ባቡር አለ ከፉሪ ለቡ።

ሰንበት_ቡና፦

እሷ መስከረም ላይ ትመለሳለች፣ እኛ ለገና እንመጣለን። ልጄ ቀይ አፈሩን ካላየሁ ብሏል። ግን የጃርቱ ዋሻ ዳገት አለው አይደል?

ድሬ_ከዚራ፦

አለው፣ ለሳቸው አይሆንም። ልጆቹን እኔ አወጣቸዋለሁ፣ እሳቸው ከዚራ ዛፉ ጥላ ስር ከእናቴ ጋ ቡና ይጠጡ። በገና ጾሙ ስለሚፈታ ምሳችሁም እኛ ቤት ነው፣ በፈለጋችሁት ሰዓት።